ዝናብ ያላጠፋው ዱካ

ይድረስ ለምወድዎና እንደ እናት ለማይዎ እኅቴ ለእትዬ እናኑ፣ ኢየሩሳሌም።

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? ደረጃ ሲወጡ ይይዝዎት የነበረው ጉልበትዎ ተሻለው ወይስ እንደዚያው ነው? ጋሼ እጅጉስ እንዴት ናቸው? ሳላቸው ለቀቃቸው? የዚያ አገር ብርድ ከእኛ ደጋ ይብሳል ብለው ጽፈውልኝ ነበርና ዘንድሮ የሚለብሱት አላነሰዎትም ወይ? ከገዳሙ የምታገኙት ድርጎስ ይበቃችኋል? እዚህ ስምዎ ሳይነሣ የሚውልበት ቀን የለም።

እኛ ለሚያኖረን ጌታ ምስጋና ይግባውና ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነን። ቤትዎ ክረምቱን ችሎ ወጥቷል፤ በወንዙ በኩል ያለውን ክዳን ብቻ አድሰነዋል። ላሚቱ ወልዳለች። ጤፉ አምሯል፤ እንዳለፈው ዓመት በቁሙ ካልተቃጠለብን ለሁላችን ይደርሳል። አክስታችን እማማ ሀብትነሽም አሉ። ጥርሳቸው አልቆ የሚበሉት ፍትፍት ብቻ ሆኗል፤ ምላሳቸው ግን እርስዎ እንደሚያውቁት ነው።

በመተማ በኩል የሚሻገሩ ነጋዴዎች «የእናኑ ልጅ በደም ተጠርጥሮ ታሰረ» የሚል ወሬ ይዘው ወደ እርስዎ እንደ ሄዱ ሰማሁ። ጋዜጣ ቤት ስሠራ የለመድሁት ዋናውን ነገር ከላይ ማስቀመጥ ነውና ከእሱ ልጀምር። ልጅዎ ንብረት በሕይወት አለ። ሰንሰለቱም ወልቆለታል። ዛሬ ግን እቤት የለም። ከከሳሹ ጋር ሆኖ ወደ ቡሬ በኩል ሄዷል፤ የሄዱበት ነገር ካልቀናቸው ጉዳዩ እንደ ገና ከሽማግሌ ፊት ይመለሳል። ዋሱ እኔ ነኝ። መንገድ መንገዱን እያየሁ ይህን እጽፋለሁ፤ የሆነውን ሁሉ ከሥሩ ልንገርዎ።

በመስከረም መጀመሪያ፣ በጅጋ ገበያ ዕለት፣ አውሮፕላን መጣ። ቦምቡ ያረፈው ከገበያው ራቅ ብሎ ነበር፤ ሰዉ ግን ሁለተኛውን ለማየት አልቆመም፤ እህሉን እየጣለ ወደየፊናው ሸሸ። ከሸሹት አንዷ እማዋይሽ ናት፤ ከወንዙ ማዶ የሚኖረው የክንዱ ታናሽ እኅት። ትንሿን ልጇን አደይን እጇን ይዛ ወደ እኛ ወንዝ አቅጣጫ ስትወርድ ያዩ ሰዎች አሉ። ከዚያ ወዲያ ያያት የለም። ባሏ ዱር ገብቷልና ፍለጋው የወንድሟ ሆነ። ክንዱ ማንኩሳ ወረደ፣ እስከ ገበዝ ማርያም ወጣ፣ የጠየቀው ሁሉ «አላየንም» አለው። ሰውየው በአንድ ወር ውስጥ ከሳ።

ጥቅምት ሲገባ አንድ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ጎርፉ በእኛና በእነክንዱ ድንበር ላይ ያለውን ሸለቆ ጠርጎ፣ የንብረትን ማሳ ጠርዝ ንዶ ሄደ። ክንዱ በማግስቱ መሻገሪያውን ሊያይ ሲወርድ፣ ጎርፉ ባጠበው ግራጫ መሬት ላይ የእግር ዱካ አየ። አንድ ትልቅ፣ አንድ ትንሽ። ጎን ለጎን ሆነው ከእነሱ በኩል ወደ እኛ ይሄዳሉ። መካከል ላይ ሲደርስ የትንሹ ዱካ ይቀራል፤ ትልቁ ብቻውን ይቀጥልና ከንብረት ማሳ ናዳ ሥር ይገባል። ከናዳው ሥር ደግሞ አጥንት ብቅ ብሎ ይታያል። እትዬ፣ በክንዱ ቦታ ሆነው ያስቡት። እሱ ያነበበው ልጅቱ መካከል ላይ እንደ ተገደለች፣ እናቲቱ ማሳው ሥር እንደ ተቀበረች፣ አፈሩም ሆን ተብሎ እንደ ተናደባት ነው። ጮኸ፤ አገሩ ወጣ።

የዱካን ሥርዓት አባታችን በሕይወት ሳሉ ሲዳኙበት አይተዋል። ዱካ የገባበት መሬት ባለቤት ዱካውን ከድንበሩ ማውጣት አለበት፤ ማውጣት ካልቻለ መልሱን እሱ ይሰጣል። ሽማግሌ መጥቶ እስኪያየው ድረስም ዱካ አይነካም። በእሾህ ይከለላል፣ እጁን ወይም እግሩን ያስጠጋ ሰው ሊያጠፋው ነው ተብሎ ይያዛል። ስለዚህ ያን ዕለት የወጣው ሰው ሁሉ፣ ክንዱም ጭምር፣ ዱካውን በሩቁ አይቶ፣ በእሾህ አጥሮ፣ ንብረትን ከአረም ማሳው ላይ ያዘው።

በልጅዎ ላይ ነገሩን ያከበደው ሌላም አለ። ከክንዱ ጋር በድንበር ትልም ተጣልተው ነበር። ንብረት በነሐሴ ደግሞ ቡሬ ወርዶ ማር ሸጦ ተመልሷል፤ ቡሬ የጣሊያን ምሽግ አለ። ማር ብቻ ሸጦ ይሆን ወይስ ሰው የሚል ጥያቄ ከአንድ አፍ ወጣና በሁሉም አፍ ዞረ። ባንዳ የሚለው ቃል ዛሬ በዚህ አገር ምን እንደሚያስከትል ልነግርዎ አያስፈልግም። አያ ገብረሰንበት፣ ሁለቱም ወገን የሚያምናቸው ሽማግሌ፣ በሦስተኛው እሑድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ዱካውን እንዲያነቡ፣ ጥፋቱ ከተገኘ ንብረት ለዱሩ አለቃ እንዲሰጥ ወሰኑ። እስከዚያ ከሳሽና ተከሳሽ ቁራኛ እንዲሆኑ አዘዙ። እኛ አዲስ አበባ ሳለን የቀረ የመሰለን ነገር፣ መንግሥት ሲጠፋ ከሣጥን ወጣ።

ሰንሰለቱ የንብረትን ቀኝ እጅ ከክንዱ ግራ እጅ ጋር ያሰረ ነበር። እኔ ቤት ሰነበቱ። ባለቤቴ ያይኔአበባ በአንድ ገበታ አቀረበችላቸው፤ ንብረት በጎረሰ ቁጥር የክንዱ እጅ አብሮ ወደ ልጅዎ አፍ ይወጣል። ንብረት ይህን ሲያይ ዝም አላለም። «አያ ተስፋው፣ አየኸው? የገዛ ከሳሼ እያጎረሰኝ ነው» አለኝ። ክንዱ ፊቱን አዙሮ፣ «ብላ፤ ለመጨረሻህ አይነፈግም» አለው። «ታዲያ ከወጡም አስነካኝ እንጂ፣ ደረቁን ብቻ ነው የምታጎርሰኝ» አለ ንብረት። ያይኔአበባ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባች። ሳቁ አልቆየም። ክንዱ ወደ ደጅ አየና፣ «እኅቴም ትበላ ነበር» አለ፤ ንብረትም እጁን ከገበታው አነሣ፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱም አልበሉም።

ዱካውን በእሾሁ ላይ አሻግሬ እንዳይ ተፈቅዶልኝ ወረድሁ። እንደ ድሮ ሥራዬ ያየሁትን ብቻ ለመያዝ ሞከርሁ። መሬቱ አመድ ይመስላል። ጣቶቹ አንድ በአንድ ይለያሉ። የትልቁ እግር ከእኔ አያንስም፣ የትንሹ መዳፌን አያክልም። አንድ ነገር ግን አልገባ አለኝ። ትልቁና ትንሹ የሚራመዱት እኩል ነው፤ የዚያን ያህል እግር ያለው ሰው እንደዚያ አጭር አይራመድም። ልነካው ፈልጌ አያ ገብረሰንበትን ለመንኋቸው። «አንተ የልጁ አጎት ነህ። እጅህን ብታሳርፍበት ተስፋው ዱካ አጠፋ ይሉሃል። ዓይንህ ይብቃህ» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ተመለስሁ።

በዋዜማው፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። የመጀመሪያው ጠብታ ሲወርድ ክንዱ «የእኅቴ ዱካ!» ብሎ ተነሣ። ንብረትም ከእሱ እኩል ተነሣ። ለእሱም ዱካው ምስክሩ ነበር፤ በቀኝ እግሩ አውራ ጣት መጣመም ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው፣ ቢለካ ነጻ እንደሚያወጣው ያምን ነበር። ከመደቡ ላይ ቁርበቱን ነጠቁና አንዱን ጫፍ አንዱ፣ ሌላውን ሌላው ይዘው ቁልቁል ሮጡ። እየሮጡም ይሰዳደባሉ፤ «ቀስ በል፣ እጄን ገነጠልኸው!» ይላል ክንዱ፣ «እግር ካነሰህ እኔ ምን ላድርግህ!» ይላል ንብረት። እኔ ከኋላቸው ወረድሁ።

ስንደርስ ጎርፉ ቀድሞናል። ውኃው በዱካው ላይ እየሄደ ነው። ቁርበቱ ለግማሹም አይበቃም። ክንዱ ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሴት አለቀሰ፤ ንብረትም ሰንሰለቱ ስለሚስበው አጠገቡ ቁጭ አለ። ዝናቡ ብዙ አልቆየም። ፀሐይ ወጣች፣ ውኃው ጎደለ፣ ሁላችንም የተረፈውን ጭቃ ለማየት አንገታችንን አሰገግን።

ዱካው እንደ ነበረ ነበር። እያንዳንዱ እርምጃ እንደ ትንሽ ጣባ ውኃ ይዟል፤ ጣቶቹ ጣቶች ናቸው፣ ተረከዙ ተረከዝ ነው። ያን ሁሉ ጎርፍ አንዲት ጠርዝ አላጎደለም። ንብረት ለብዙ ጊዜ አየው። በኋላ «አያ ክንዱ፣ ይኼ ጭቃ አይደለም» አለ። ክንዱ «እና ምንድን ነው?» አለ። «እንንካው» አለ ልጅዎ። «ንካ ብለህ ልታስይዘኝ ነው?» አለ ክንዱ። ንብረት የታሰረውን እጁን አነሣ፤ የክንዱም አብሮ ተነሣ። «አብረን ነው የምንነካው። አንተም እኔን፣ እኔም አንተን አልከስስም» አለው። ሁለቱ እጆች አንድ ላይ ወረዱ። ክንዱ ደንግጦ እጁን ሊያሸሽ ሲል ሰንሰለቱ ያዘው። ድንጋይ ነበር። ንብረት በሰንሰለቱ ሲመታው ድንጋዩ ጮኸ።

በዚያ ሰፈር ያለን ሰዎች ሁሉ ከሁለት ሳምንት በላይ አንድ ድንጋይ በእሾህ አጥረን ስንጠብቅ ሰነበትን፤ ሥርዓቱን አክብረን አንዳችንም ጣት ስላላሳረፍንበት። እንዲህ ብዬ ብጽፍ ጋዜጣ ቤት «ቀልድህን ተው» ይሉኝ ነበር።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። አያ ገብረሰንበት ጫማቸውን አውልቀው ድንጋዩን በእግራቸው ዳሰሱትና ብዙ ሳይቆዩ፣ «አውድማ ነው» አሉ። ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ገብቶን ነበር። በእበት የተለቀለቀ አውድማ ሳይደርቅ የረገጠው ሰው እግሩ እስከ ውቂያ ድረስ እዚያው ይታያል። ያ መሬትም አንድ ጊዜ ለስልሶ ነበር፣ አመድ ወርዶበት ወይም ዝናብ አርሶት፤ ሰዎቹ ሄዱበት፣ ደረቀ፣ ሌላ አፈር መጣበት፣ በላዩም አያት ቅድመ አያታችን አረሱ። ዱካው ከናዳው ሥር የገባው አፈሩ ኋላ ስለ መጣ ነው። ከጥፋት ውኃ በፊት ይሁን በኋላ ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልሁ። ያላወቅሁትን አልጽፍም፣ አልናገርምም።

ከዚያ ግን ማንም ያልጠበቀው ንባብ መጣ። በዚያው በድንጋዩ ጎን፣ ቅዳሜ ንብረትና ክንዱ በሰንሰለት ሆነው የመጡበት ዱካ ጭቃው ላይ ደርቆ ነበር። ልጅዎ ረጅም ነው፣ ክንዱ አጭር። የንብረት እርምጃ ግን እንደ ክንዱ አጥሯል። ክንዱ ይህን አይቶ፣ «እንዲህማ አይራመድም፤ ሰንሰለቱ ነው ያሳጠረው» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ የድንጋዩን ዱካ አየ። ያ ሳይገባኝ የቀረው እኩል እርምጃ እዚያ ነበር። «እነዚህንስ ምን አስሯቸው ነው?» አለ። ሲጠይቀው መልሱን አግኝቶት ነበር። ትልቁ ለትንሹ ብሎ ቀስ ብሏል።

እሾሁን አንሥተን በዳር በዳር ተከተልናቸው። የትንሹ ዱካ ከሚቀርበት ቦታ ላይ ትልቁ ቆሟል፤ ሁለቱ እግሮች ጎን ለጎን ናቸው፣ ጣቶቹ ወደ ልጁ ዞረዋል። ከዚያ በኋላ ያለው የትልቁ ዱካ ተረከዙ ከፊተኛው ይልቅ ጠልቋል። አያ ገብረሰንበት በበትራቸው ጫፍ የጥልቀቱን ልዩነት እያሳዩ፣ «አልሞተም። አዝሎታል» አሉ። «አዝላዋለች ይሆናል» አለ አንዱ። በዚህ ላይ ክርክር ተነሣ፤ የወንድ እግር ነው፣ የሴት ነው፣ አባት ነው፣ እናት ናት፣ አክስትስ ብትሆን? ክንዱ ብቻ አልተከራከረም። ጀርባውን ሰጥቶን ወደ ወንዙ አየ። መገደል ነው ብሎ ለሳምንታት ያላስተኛው ነገር አንድ ሰው ደክሞት የቆመ ልጅ ማንሣቱ ነበር።

አጥንቱ ቀረ። በሽማግሌዎቹ ፊት ናዳውን ቆፈርን። አጥንቶቹ ጠቁረዋል፣ እንደ ድንጋይም ይከብዳሉ። አብዛኞቹ የአውሬ ይመስሉኛል፤ ቅልጥሞቹ በርዝመታቸው ተሰንጥቀዋል፣ አጠገባቸውም ጠርዛቸው እንደ ምላጭ የተሳለ ድንጋዮች ነበሩ። መቅኔ ያወጡበት ይሆናል። ከእነሱ መካከል ግን አንድ የታችኛ መንጋጋ ወጣ፤ የሰው ለመሆኑ ማንም አልተጠራጠረም። ክንዱ ያየው ጊዜ ፊቱ አመድ መሰለ። በሕዝቡ ውስጥ መንገድ እያስለቀቁ እማማ ሀብትነሽ መጡ። መንጋጋውን በሁለት እጃቸው ይዘው አገላበጡትና ሌባ ጣታቸውን ወደ ገዛ አፋቸው አስገቡ፤ ድዳቸውን ዳሰሱ፣ ከዚያ አጥንቱን ዳሰሱ። ጥርስ የለውም። የጥርሱ ጉድጓዶችም ሞልተው ለስልሰዋል፤ ተመቶ የወለቀ አይደለም፣ ድሮ ወልቆ የዳነ ነው።

«ክንዱ፣ የእኅትህ ጥርስ ስንት ነበር?» አሉት። «ምን ጎድሎባት! ስትስቅ የሚያምር ጥርስ ነበራት፤ ሁሉም አለ» አለ። «እንግዲህ ይች የእኔ ብጤ ናት። እሷ አይደለችም» አሉ። ሕዝቡ እፎይ አለ። እሳቸው ግን መንጋጋውን አላስቀመጡትም። «ይህን ያህል ጊዜ ያለ ጥርስ የኖረ ሰው ምን በልቶ ኖረ? ምጣድ አለው? ሽሮ አለው? አንድ ሰው እያላመጠ ሲሰጠው ኖሯል። መቅኔውም የእሱ ድርሻ ይሆናል» አሉ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው፣ «እኔንም ስሞት ጥልቅ አድርጋችሁ ቅበሩኝ፤ ወጥቼ የሰው ልጅ እንዳላሳስር» አሉ። ያን ዕለት የሳቀ ሰው ሁሉ ዓይኑ እርጥብ ነበር።

መንጋጋውን ካህኑ ጸሎት አድርሰውበት፣ ስሙ ባይታወቅም ሰው ነው ብለው፣ ከነበረበት ከፍ አድርገን ቀበርነው። አያ ገብረሰንበት ሰንሰለቱን ፈቱ። ነገር ግን እማዋይሽና አደይ እስካልተገኙ ድረስ የባንዳነቱ ጥያቄ አልሞተምና ንብረት በእኔ ዋስትና ይቆይ ተባለ። ድንጋዩ ደሙን አነሣለት፤ ሐሜቱን የሚያነሡት ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

እትዬ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሳቤ ወዲያና ወዲህ ይላል። ጋዜጣ ቤት ሳለን አንድ ጊዜ ከፈረንሳይኛ የተተረጎመ ጽሑፍ በእጄ አልፎ ነበር። በፈረንሳይ አገር ዋሻ ውስጥ የጥንት ልጆች ተረከዝ በሸክላ አፈር ላይ እንደ ተገኘ፣ በቻይና አገርም በአንድ ዋሻ የጥንት ሰው አጥንት ከአመድና ከድንጋይ መሣሪያ ጋር እንደ ወጣ ይላል። የቦታ ጥበት ሆነና አዘጋጁ ከመካከሉ ቆረጠው፤ የተቆረጠው ምን ይል እንደ ነበር ዛሬ ብዙ ነገር ሰጥቼ ባነበብሁት። ያኔ የተጨነቅሁት ስለ ፊደሉ ነበር። ስለ ሰዎቹ አልጠየቅሁም። አሁን እጠይቃለሁ። ወዴት ይሄዱ ነበር? ልጁ የተሸከመውን ሰው ምን ብሎ ይጠራው ነበር? ቋንቋ ነበራቸው? የሚሸሹት ነገር ነበር ወይስ እንዲሁ ውኃ ሊጠጡ ወርደው ነው? ዱካ እንዴት እንደ ሄዱ እንጂ ለምን እንደ ሄዱ አይናገርም። ያም ሆኖ፣ ስለማላውቃቸው ሰዎች ሁለት ነገር አውቃለሁ፤ ለደከመ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ማኘክ ያቃተውንም አይጥሉም። ስለ ብዙ የማውቃቸው ሰዎች ይህን ያህል እርግጠኛ አይደለሁም።

እርስዎ በደብረ ዘይት የጌታችን የእግር ዱካ ያለበትን ድንጋይ ተሳለምሁ ብለው ጽፈውልኝ ነበር። ይኼኛው የቅዱስ ነው ያለ የለም፣ ካህኑም አልፈቀዱም፤ ሰው ቢሰበሰብበት ደግሞ አውሮፕላኑን ይጠራል። ይሁንና አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። እዚያ አገር፣ ወደ ባሕሩ በኩል ባለው የቀርሜሎስ ተራራ፣ ፈረንጆች ዋሻ እየቆፈሩ የጥንት ሰው አጥንት ያወጣሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ወደ ገዳሙ የሚመጣ ከእነሱ ወገን የሆነ ሰው ካለ፣ አመድ ድንጋይ እስኪሆን ስንት ዘመን ይፈጃል ብለው ይጠይቁልኝ። መልሱ ከቤተ ክርስቲያን የዘመን ቍጥር ጋር ባይስማማም አይደብቁኝ፤ አስቤበት አስቀምጠዋለሁ።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልመለስ። ባለፈው ሳምንት ታከለ የሚባል የአዊ ሰው፣ ከቡሬ ወዲያ የሚያርስ፣ በቅሎ ፍለጋ በእኛ በኩል አለፈ። በጎረቤቱ ቤት አንዲት በሽሽት መንገድ ስታ እግሯ የተሰበረ ሴትና አንዲት ሕፃን እንዳሉ፣ ሴትዮዋ አገውኛ ስለማትችል በምልክት እንደሚግባቡ፣ በምሽጉ አጠገብ ማለፍ ስለ ፈሩም ወሬ የሚያደርስላት ሰው እንዳጡ ነገረን። ስሟን አያውቅም። ምን ትመስላለች ቢሉት፣ ስትስቅ ጥርሷ ያምራል አለ። ክንዱ የሚሰማውን ማመን አቃተው፤ ወዲያው ሊነሣ አለ፤ መንገዱን ግን አያውቅም። ምሽጉን በጀርባ የሚዞረውን መንገድ የሚያውቀው ማር ሊሸጥ የሄደው ንብረት ነው። ያው የተከሰሰበት መንገድ። እኔ ዋስ ነኝና እንቢ ማለት እችል ነበር። ንብረት፣ «አጎቴ፣ እሷ ካልመጣች ሰንሰለቱ እጄ ላይ ባይኖርም እኔ እንደታሰርሁ ነኝ» አለኝ። ሐሙስ ወጡ። መመለሻቸው ትናንት ነበር። ያይኔአበባ ከደጅ አትገባም። እማማ ሀብትነሽ እንኳ ዛሬ አልተናገሩም። ጣሊያን ይዟቸው ከሆነ፣ ወይም ክንዱ በመንገድ ላይ የድሮው ጥርጣሬ ተነሥቶበት ከሆነ፣ ለእርስዎ ምን ብዬ እጽፋለሁ?

ይህን ያህል ጽፌ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። አሁን የምጽፈው በማግስቱ ነው።

ጧት አላስቀምጥ ብሎኝ ወደ መሻገሪያው ወረድሁ። ካፊያ አልፎ መንገዱ ረጥቦ ነበር። ውኃውን ተሻግሬ፣ ወደ እነክንዱ ቤት በሚወጣው መንገድ ላይ፣ አዲስ ዱካ አየሁ። ሳልገናኛቸው ከቤቴ በላይ በኩል አልፈዋል። ጎንበስ አልሁ። አንዱ ሰፊና አጭር ነው፤ የክንዱ። አንዱ የሴት ነው፤ አንድ እግሯን ትጎትታለች፣ አጠገቡም የምርኩዝ ጉድጓድ አለ። ሦስተኛው የቀኝ አውራ ጣቱ የተጣመመ። የልጅዎ።

የሕፃን ዱካ የለም።

ወደ ፊት ሄጄ ፈለግሁ፣ ወደ ኋላ ተመልሼ እስከ ውኃው ጠርዝ ፈለግሁ። ከሦስቱ ሌላ እግር የለም። እናቲቱን አገኙ፣ ልጅቱን ግን አጡ ብዬ ለእርስዎ የምጽፈውን ማሰብ ጀመርሁ። ከዚያ ድንጋዩ ትዝ አለኝ። እንደ ገና ተንበርክኬ የንብረትን ዱካ በጣቴ ለካሁ። እርምጃው አጥሯል። ተረከዙ ጠልቋል፤ ሐሙስ ሲወጣ ከረገጠው፣ ክንዱም አጠገቡ ከረገጠው የበለጠ ጠልቋል።

ዳገቱን ሮጥሁ። በክንዱ ደጅ ሰው ሞልቷል። አደይ ከልጅዎ ጀርባ ላይ ተኝታለች፤ እናቷ ልትቀበል ስትዘረጋ፣ ክንዱ «ተያት፣ አትቀስቅሷት፤ እሱ ዘንድ ትቆይ» አለ።

ለጋሼ እጅጉ የእኔንና የቤተሰቡን ሰላምታ ያድርሱልኝ፤ በገዳሙ ላሉት እናቶችና ለሚያስታምሙዎ ሁሉም እንዲሁ። ንብረት ጉልበትዎን ይስማል፤ አልጻፈም፣ ልጅቱ ተነሥታ ከጀርባው አልወርድም ብላዋለች። ያይኔአበባ እጅ ትነሣለች። እማማ ሀብትነሽ ከዚያ አገር ለድድ የሚሆን ለስላሳ ነገር ይላክልኝ ይላሉ። አያ ገብረሰንበት እንዴት ናት ብለው ጠይቀዋል። ክንዱና እማዋይሽ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ልጅሽን እግዚአብሔር ይባርክልሽ በልልን ብለውኛል። በሰላም ያገናኘን።

ታናሽ ወንድምዎ ተስፋው

ከማንኩሳ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ፣ ከወንዙ ወዲህ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.